የእትዬ የሺዓለም ጥንቸሎች

ስለ ጋሽ እምሩና ስለ ባለቤታቸው ስለ እትዬ የሺዓለም ነው የምነግራችሁ። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለው አሮጌ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመት ጎረቤቶቼ ናቸው። እኔ ከሪማ እባላለሁ፤ ግቢው በር ላይ ሳሙናና ስኳር፣ ክብሪትና ዘይት የምቸረችርባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የሱቄ የኋላ መስኮት የሚከፈተው በቀጥታ ወደ እነሱ በረንዳ ስለሆነ፣ የሆነውን አብዛኛውን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው።

ጋሽ እምሩ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። የራሳቸው ሱቅ ኖሯቸው አያውቅም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በሰው ወርቅ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ፒያሳ መጥቶ የጋብቻ ቀለበት ካሠራው ሰው ብዙው ጣቱ ላይ ያለው የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው፤ ፊታቸውን ግን የሚያውቅ የለም። ኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ወረንጦ ሲይዙ፣ ቀጥሎ እሳት ሲይዙ። አሠሪያቸው ጨዋ ሰው ስለነበሩ አላባረሯቸውም፤ «እምሩ፣ እስቲ ትንሽ ዕረፍ» አሏቸው። ዕረፍቱ በዚያው ቀረ።

እትዬ የሺዓለም ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ስልከኛ ነበሩ። ሞባይል ሳይመጣ በፊት የፒያሳን ግማሽ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይዘውት ነበር ይባላል። ውሸት አይደለም። ሱቅ በከፈትኩ ሰሞን የአከፋፋዬ ቁጥር ጠፍቶብኝ ብጠይቃቸው፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን እንኳን ሳያቋርጡ ነገሩኝ። ልጅ አልወለዱም። ለምን እንደሆነ እኔም ጠይቄ አላውቅ፣ ግቢው ውስጥም የሚጠይቅ አልነበረም።

መርሳት የጀመሩት በትንሽ በትንሹ ነው። ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ይጨምራሉ። እኔ ጋ መጥተው ሳሙና ይገዙና፣ አረፍ ሳይሉ ተመልሰው ሳሙና ይገዛሉ። ስቀን አለፍነው። አንድ ቀን ግን ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ታክሲ ከሚጠብቀው ሰልፍ መሃል ገብተው ሰዉን በየተራ «ቤቴን ታውቀዋለህ?» እያሉ ሲጠይቁ አንድ የሰፈራችን ሰው አግኝቶ ይዟቸው መጣ። ከአደባባዩ ዳገቷን ወጥቶ ቤታቸው መግባት ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት መንገድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የግቢው በር ቀንም በቁልፍ ይዘጋ ጀመር።

እትዬን ያያቸው ሐኪም ለጋሽ እምሩ የነገራቸው ግልጽ ነበር፤ በሽታው የሚዘገይ እንጂ የሚመለስ አይደለም። ክፉው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነበር። ፀሐይ ዘንበል ስትል እትዬ የሺዓለም ነጠላቸውን ይደርቡና «እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ልሂድ» ይላሉ። እናታቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ጋሽ እምሩ በሩ ላይ ቆመው ይለምናሉ፣ እትዬ ያለቅሳሉ። ለቅሶው እንደ ትንሽ ልጅ ለቅሶ ነው፤ ሱቄ ውስጥ የቆመ ገበያተኛ ሁሉ ዞር ብሎ ያያል።

ጥንቸሎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የወርቅ ቤቱ ባለቤት ልጅ ሜላት ሁለት ጥንቸሎች በስጦታ ደርሰዋት ነበር፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ዳለቻ። የምትኖረው ፎቅ ቤት ስለሆነ ምንጣፉን ሁሉ በልተው ቢጨርሱባት «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ እንኳን ፀሐይ ያገኛሉ» ብላ በካርቶን ይዛቸው መጣች። ጋሽ እምሩ አልፈለጓቸውም። ካርቶኑን ገና ከእጇ ሳይቀበሉ ግን እትዬ የሺዓለም ነጯን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ሊሄዱ የደረቡት ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነበር። ጀርባዋን ዳሰሷት፣ ጆሮዋን ዳሰሱት፣ ከዚያ ዝም አሉ። የዚያን ቀን እናታቸው ጋ ልሂድ አላሉም። ስሟንም ሐር አሏት።

ግቢው ወዲያው ተረብ ጀመረ። «ጋሽ እምሩ እርሻ ገቡ» ተባለ። ሽኩር፣ ባሌ፣ በበረንዳው ባለፈ ቁጥር «ጋሼ፣ ለእናንተ አይፈቀድም፤ ለእኛ ግን ይፈቀዳል፣ ሲሰቡ ይጥሩኝ» ይላቸዋል። ቀልዱን ቢያውቁም ጥንቸሎቹን በእጃቸው ይከልሉ ነበር። «ሽኩር፣ በእንዲህ አይነት ነገር የሺ ፊት አትቀልድ» አሉት አንዴ፣ ከልባቸው ተቆጥተው። ከዚያ ወዲያ ቀልዱን ተወው።

ሁለቱም ሴት ናቸው ቢባልም ዳለቻው ወንድ ኖሯል። አንድ ጠዋት ሐር ከደረቷ ፀጉሯን እየነጨች ካርቶኑን ስታነጥፍ አየናት፤ በማግስቱ ከፀጉሩ ሥር ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ሮዝ ጣት የመሰሉ ልጆች ተገኙ። እትዬ የሺዓለም ካርቶኑ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። ሳምንታት አለፉ፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ፀጉር አበቀሉ፣ ከካርቶኑ ዘለው በረንዳው ላይ መሯሯጥ ጀመሩ። እትዬም በዚያ ሰሞን ደህና ይበሉ፣ ደህና ይተኙ ነበር። ጋሽ እምሩ ፊታቸው ላይ ከረሳነው ብዙ የቆየ ነገር አየንባቸው፤ ፈገግ ይሉ ነበር።

ልጆቹ አንድ ወር ሲሞላቸው አንድ ሰው «አሁን እናትየዋን እየጨረሷት ነው፣ ይለዩዋቸው» አላቸው። ለዩዋቸው። ልጆቹን ወደ ሌላ ካርቶን አዛውረው ቤቱ ጥግ አስቀመጧቸው። ትልቁ ገበያ ከተነሳ በኋላም አትክልት ተራ አካባቢ ከቀሩት ነጋዴዎች ከላይ ከላይ የተላጠ የጎመን ቅጠል ለምነው፣ አጥበው፣ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ከመሩላቸው። ግልገሎቹ በደስታ በሉት። ሁላችንም ቆመን አየን።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ጀርባውን አጉብጦ ጥግ ያዘ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ከበታቹ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ። ሲነጋ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጋሽ እምሩ የመጨረሻውን በሹራብ ጠቅልለው የእንስሳት ክሊኒክ ወሰዱት፤ ብቻቸውን ስለማይሆን እኔም ሱቄን ለሽኩር ትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ግልገሉ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሞተ።

ዶክተር ቃለጽድቅ ገና ወጣት ነው፤ ግን አልተቻኮለም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«አባባ፣ የእርስዎ ብቻ ጥፋት አይደለም» አላቸው። «ጡት የሚጥሉበት ጊዜ ለጥንቸል ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። የእናታቸው ወተት ሆዳቸውን ይጠብቅላቸዋል። ወተቱ ሲቀር አንጀታቸው ራቁቱን ይቀራል፤ ያን ጊዜ ምግቡም፣ ቦታውም፣ እናቲቱም በአንድ ቀን ከተለወጡ አይችሉትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሐር አሁንም ሆዷ ገፍቷል።»

ሐኪሙ ቀስ እያለ ነገራቸው። ስምንት ሳምንት እስኪሆናቸው አይቸኩሉ። ሲለዩ እናቲቱን ያውጡ እንጂ ልጆቹን ከለመዱት ቦታ አያንሱ፤ ወንድማማቾቹም አይለያዩ። ከእናታቸው ጋር ሲበሉ የነበረውን ያንኑ ይብሉ፤ አዲስ ነገር ቢመጣ ቁንጥር ቁንጥር እየተባለ በብዙ ቀን ነው። ዋናው ምግባቸው ድርቆሽ ነው፣ ከፊታቸው መጥፋት የለበትም። ጎመን፣ ዳቦ፣ ስኳር በጭራሽ። የሚተኙበት ደረቅ ይሁን፣ በጠጡ ከሥራቸው ይውደቅ፣ የሚጠጡት ውሃ ንጹሕ ይሁን። በጠጣቸውን ጠዋት ጠዋት ይዩት፤ ክብና ደረቅ ከሆነ ደህና ናቸው። አንዱ መብላት ካቆመ ነገን አይጠብቁ።

«ደግሞ» አለ በመጨረሻ፣ «ጡት በጣሉ ሰሞን ብዙ አይነኩ። ማንሳት፣ ማቀፍ፣ ከእጅ እጅ ማዘዋወር ያስደነግጣቸዋል። የደነገጠ ጥንቸል አይበላም፤ ያልበላ ደግሞ ይሞታል።»

ጋሽ እምሩ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ። ያሰቡት ገብቶኛል። ጥንቸሎቹ እቤት የሚቀመጡት እትዬ እንዲያቅፏቸው ነበር።

ቤት ስንደርስ እትዬ የሺዓለም ባዶው ካርቶን አጠገብ ተቀምጠዋል። «ልጆቹስ?» አሉ።

«ተኝተዋል፣ የሺ።»

«እዚህ የሉም እኮ።»

«ሌላ ቦታ ነው የተኙት።» ጋሽ እምሩ ይህን ብለው ጓዳ ገቡ።

ዳለቻውን ወንድ ለሜላት መለሱላት። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ያለው ሰው የጥንቸል ቤት ሲሠራ ማየት ይከብዳል። እኔ ሚስማሩን እይዛለሁ፣ እሳቸው ይመታሉ፤ ከምቱ ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። አንዳንዴ መዶሻውን አስቀምጠው እጃቸውን ያዩታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ቢሆንም በረንዳው ላይ ተሠራ። ወለሉ የሽቦ ወንፊት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ጣውላ። ድርቆሽ ድሮ እዚሁ በአህያ ይመጣ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰፈር ከፈረሰ በኋላ ሳር ሻጮቹም ስለጠፉ፣ ሽኩር ከከተማ ዳር በመኪና እየጫነ ያመጣላቸው ጀመር። እሳቸው ድርቆሹን ፀሐይ ላይ ይበትኑታል፣ ያሸቱታል፣ የሻገተውን ለቅመው ይጥላሉ።

ሐር በድጋሚ ወለደች፤ አምስት። ከግልገሎቹ አንዷ ከሌሎቹ የምታንስ፣ ግንባሯ ላይ ዳለቻ ነጠብጣብ ያለባት ነበረች። ጋሽ እምሩ የተባሉትን ሁሉ አደረጉ። ልጆቹ ከእናታቸው ሥር ሆነው ድርቆሽ መቆርጠም ተማሩ። ጊዜው ሲደርስ እሳቸው ሐርን አንስተው እኛ ጓሮ አስቀመጧት፤ ልጆቹ በለመዱት ቤት፣ በለመዱት ድርቆሽ፣ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ቀሩ። እትዬ እንዳያነሷቸው የበረንዳው ባለ መስታወት በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተገጠመ።

ጋሽ እምሩ በየማለዳው ጎንበስ ብለው በጠጡን በወረንጦ ያነሳሉ፣ ብርሃን ላይ ይዘው ያገላብጡታል። «ክብ ነው! ደረቅ ነው!» ይሉኛል በመስኮቴ በኩል። እኔም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። አንድም አልታመመም። ክብደት እየጨመሩ ሄዱ።

ከበሩ ወዲያ ግን እትዬ የሺዓለም ነበሩ። ከመስታወቱ ኋላ ቆመው ግልገሎቹን ያያሉ፣ እጀታውን ያዞራሉ፣ አይከፈትም። የመጀመሪያው ቀን ጠየቁ። በሁለተኛው ለመኑ። ከዚያ መስታወቱን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ። «ሰዎች! ይሄ ሰውዬ ልጆቼን ቀማኝ! አስሮ ያስርባቸዋል!» ይላሉ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንገቱን ደፍቶ ይበተናል። እኔን በመስኮት ጠርተው በሹክሹክታ «ፖሊስ ጥሪልኝ፣ አንቺ ደግ ሰው ነሽ» አሉኝ። ምን እላለሁ? «እሺ እትዬ» አልኳቸው።

«ትንሽ ነው የሺ፣ ትንሽ ታገሺ፤ ይጠንክሩና ሁሉም ያንቺ ናቸው» ይሏቸዋል ጋሽ እምሩ። ሰው «ታገስ» የሚባለው ትናንትን ሲያስታውስ፣ ነገን ሲያውቅ ነው። ለእትዬ በሩ የሚዘጋው በየሰዓቱ እንደ አዲስ ነበር።

እትዬ መብላት አቆሙ። ልብሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ። ከቀትር በኋላ ያለው ለቅሶ ተመለሰ፤ አሁን ግን እናታቸውን አይጠሩም፣ ማንንም አይጠሩም፣ ዝም ብሎ ለቅሶ ብቻ ነው። ጋሽ እምሩ አንድ ቀን ሱቄ መጥተው ባንኮኒው ላይ ተደገፉ።

«ከሪማ፣ በሩን ብከፍተው ግልገሎቹን እገድላለሁ» አሉ። «ባልከፍተው እሷን። እዚህ ጋ ቆሜ ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰለሽ።»

«ዶክተሩን ቢያማክሩትስ?»

«አማከርኩት። ‹አባባ፣ ስለ ጥንቸል ይጠይቁኝ፣ የዚህን መልስ ግን አላውቀውም› አለኝ። እውነቱን ነው።»

በሩን ከፈቱት።

እንዲሁ ግን አይደለም። ዘዴ ፈለጉ። እትዬን የጥንቸሉ ቤት አጠገብ አስቀመጧቸው፤ እጃቸው ላይ የድርቆሽ ዘለላ ሰጧቸው። «አታንሺያቸው፣ ከእጅሽ ይብሉ።» እትዬ ድርቆሹን በወንፊቱ ቀዳዳ አሳለፉት፤ ባለ ነጠብጣቧ ቀርባ ትቆረጥመው ጀመር። እትዬ ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ጋሽ እምሩ ከጎናቸው ተቀምጠው ዘለላ በዘለላ እያቀበሏቸው ዋሉ። ለጥቂት ቀን ጉዳዩ የሚሆን መሰለ። እትዬ በሉ፣ ግልገሎቹም በሉ። «ምናለ ከመጀመሪያው እንዲህ ባደረግን!» ይላሉ ጋሽ እምሩ፤ እንደ ሙሽራ ቤት ሰው ሽር ጉድ ይላሉ።

አስታማሚ አይተኛም። ሌሊቱን እትዬ ሲነሱ ሲነሱ ስለሚያድሩ፣ ጋሽ እምሩ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እዚያው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። እኔ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስደረድር የእትዬን ድምፅ ሰማሁ፤ ለስላሳ፣ የሚያባብል ድምፅ ነው። በመስኮት ብመለከት፣ የጥንቸሉ ቤት ተከፍቷል፤ ሁለት ግልገሎች ጭናቸው ላይ ናቸው። በስኳር ሻይ የራሰ ዳቦ እየቆረሱ በጣታቸው ያጎርሷቸዋል።

«እትዬ! አይሆንም!» ብዬ ሮጥኩ። ጋሽ እምሩ ብንን አሉ።

እትዬ የሺዓለም ቀና ብለው አዩን። አልተናደዱም። እንደማያውቅ ሰው ያስረዱን ጀመር። «ጡት የጣለ ልጅ በምን ይደግ ብላችሁ ነው?» አሉ። «ሻይ በዳቦ ነው። እኔም ያደግሁት በሱ ነው። ደረቅ ሳር ይሰጠዋል እንዴ ሕፃን?»

ጋሽ እምሩ ዳቦውን ቀስ ብለው ከእጃቸው ወሰዱ።

ሁለቱ በማግስቱ መብላት አቆሙ። ጀርባቸውን አጉብጠው፣ ጥርሳቸውን እያፋጩ ተቀመጡ። ዶክተር ቃለጽድቅ ራሱ ግቢያችን ድረስ መጣ፤ መድኃኒት በሲሪንጅ አፋቸው ውስጥ ጠብ አደረገ፣ ሆዳቸውን አሸ፣ ሊሄድ ሲነሳ ግን ዓይናችንን አላየም። ሁለቱም ሞቱ።

ያን ዕለት ጋሽ እምሩ ባለ ነጠብጣቧን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ይቺን ያዢልኝ» አሉ። «እናንተ ጓሮ ትቀመጥ። ድርቆሽ ብቻ። ውሃዋን በየቀኑ ለውጪ። ከሌሎቹ መለየቷ ጥሩ አይደለም፣ ዶክተሩ ነግሮኛል፤ እኛ ጋ ከምትቀር ግን...» አልጨረሱትም።

«ሁለቱስ?»

«ሁለቱ ለየሺ ይሁኑ።»

«ጋሼ፣ እያወቁ?»

«እያወቅሁ» አሉ። «ጥንቸል ለማሳደግ አይደለም የተቀበልኳቸው። በሩን ዳግመኛ መዝጋት አልችልም፣ ከሪማ። መስታወቱን ስትመታ እጇን አይተሽዋል?»

እንዳሉትም አልዘጉትም። ከዚያ ወዲያ ሻይና ዳቦ እቤት እንዳይገባ አደረጉ፤ ራሳቸውም መብላቱን ተዉት። ለትንሽ ጊዜ ሁለቱ ግልገሎች ጭን ላይ እየዋሉም ደህና ነበሩ፤ ጋሽ እምሩ እያንዳንዷን በጠጥ ማየታቸውን አልተዉም። እኔ ግን የእትዬን ልብስ ላጥብ ወስጄ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ስፈታው የደረቀ የእንጀራ ቁራሽ፣ ቂጣ፣ ግማሽ ሙዝ ነበር። ከራሳቸው ማዕድ እየቀነሱ ለእነሱ ይቋጥሩ ነበር። ጋሽ እምሩ «መብላት ጀመረች» ብለው የተደሰቱበት ምግብ እትዬ ሆድ ውስጥ አልገባም።

ነገርኳቸው። ቋጠሮውን ከእጄ ተቀበሉ። «ምን ይባላል ይሄ?» አሉ ቀስ ብለው።

አንዱ በዚያው ሳምንት ሞተ። የመጨረሻው የሞተው እትዬ ጭን ላይ ሳለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የአራዳ ጊዮርጊስ ደወል ይሰማል። እኔ የታጠበውን ልብስ ልመልስ ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ የሺዓለም ግልገሉን በሁለት እጃቸው አንስተው ለጋሽ እምሩ ዘረጉላቸው። አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል።

«ይቅርታ» አሉ፣ «እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ተቆጥተውም፣ አልቅሰውም፣ ባላቸውን «አንተ» ከማለት ወጥተው አያውቁም ነበር። «ይሄ ሰውዬ» ሲሉ እንኳን የሚያውቁትን ሰው ነበር የሚከሱት። አሁን ግን ፊታቸው ላይ የነበረው በሰው ቤት የተቀመጠ እንግዳ ትሕትና ነው።

ጋሽ እምሩ ግልገሉን ተቀበሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ግልገሉ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

«አዎ» አሉ። «ሐኪም ነኝ።»

«ይድናል?»

«ይድናል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ እትዬ፤ ጭናቸውን በመዳፋቸው አራግፈው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሽ እምሩ ግልገሉን ይዘው በአጠገቤ አልፈው ወጡ። ጓሮ ሄደው እንደቀበሩት አውቃለሁ፤ አልተከተልኳቸውም።

ዶክተር ቃለጽድቅ ሐርን ወስዶ ጥንቸል ለሚያረባ ለሚያውቀው ቤተሰብ ሰጣት። ሜላት ስለ ጥንቸሎቹ ሰምታ ሌላ ላምጣ ብላ ነበር፤ ጋሽ እምሩ በእጃቸው ምልክት ብቻ አይሆንም አሏት።

እትዬ የሺዓለም ለጥቂት ጊዜ «ልጆቹስ?» ማለት አላቆሙም። ጋሽ እምሩ በየጊዜው «ተኝተዋል» ይላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጥያቄው ቀረ። የቀረበትን ቀን ማንም ልብ አላለውም፤ ጋሽ እምሩ ናቸው ቆይተው የነገሩኝ። «ሳትጠይቅ ዋለች» አሉኝ። «ነገ ትጠይቅ ይሆናል ብዬ መልሴን ይዤ ተቀመጥኩ። አልጠየቀችም። ስትጠይቅ ልቤን ትቆርጠው ነበር፤ አሁን ምነው በጠየቀች እላለሁ።» ለቅሶውም ቆመ። ሰፈሩ «ተሻላቸው እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገረው? ለማልቀስ እኮ የጎደለ ነገር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለ ነጠብጣቧ እኔ ጋ አለች፤ አድጋለች። ሆዷን ታማ አታውቅም። ሽኩር በጣም ወዷት «ልጅቷ በላች?» ሳይል አይገባም። ጋሽ እምሩ በመስኮቴ በኩል ባለፉ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ድርቆሹ እንዳይሻግት፣ ወለሉ እንዳይርስ ያስጠነቅቁኛል። ጓሮ ገብተው አይተዋት ግን አያውቁም። አንዴ «ልጥራት? አምጥቼ ላሳይዎት?» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትኑር። ለብቻዋ ትኑር» አሉ።

የእኛም ግቢ ሊነሳ ነው ይባላል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዶቹ ጎረቤቶች ከወዲሁ ሄደዋል። ጋሽ እምሩ ስለዚህ ሲወራ ጆሮ አይሰጡም። ትናንት እትዬን በረንዳው ላይ ፀሐይ አስጠግተዋቸው፣ አጥሚት በማንኪያ እያበረዱ ሲያጎርሷቸው ደረስኩ። ማንኪያው ከአፋቸው እስኪደርስ ግማሹ ይፈስሳል፤ ጋሽ እምሩ አገጫቸውን በጨርቅ ይጠርጉላቸዋል።

«ዛሬስ ቀመሱ?» አልኳቸው።

«ጠዋት ትንሽ ቀምሳለች» አሉ ዞር ሳይሉ። «አሁን አፏን ዘግታለች።»

ማንኪያውን መለሱት፣ እንደገና አበረዱት፣ እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉት። እትዬ የሺዓለም ማንኪያውን አይተው ከንፈራቸውን ገጠሙ።